ለሚካኤል የተሳልኩት ትራክተር

እኔ ደክሞኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው መሃል ላይ ሳቃስት ብትሰሙ “ምን ነካው?” እንዳትሉ ነው። ድካሜ የሥራ ድካም አይደለም። ሥራማ ሃያ ሁለት ዓመት ሮም ውስጥ የሰው አትክልት ሳጠጣ፣ የሰው ሳር ሳጭድ ኖሬያለሁ፤ ለምጄዋለሁ። እኔን ያደከመኝ እረፍቴ ነው።

ጤነኛ ሰው ሳምንቱን ሙሉ የሳር ማጨጃ ሞተር ሲያደነቁረው ከከረመ፣ እረፍቱን ጸጥ ያለ ቦታ ማሳለፍ ይፈልጋል። እኔ ግን ሌላ ሞተር ፈለግኩ፤ ያውም የማይነሳ። ያረጁ የጓሮ ትራክተሮችን እየሰበሰብኩ እጠግናለሁ። የጓሮ ትራክተር ስላችሁ እርሻ ላይ የምታውቁት ግዙፍ ነገር አይምጣባችሁ። ቁመቱ ወገብ የሚደርስ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያስቀምጥ፣ ትልቁ ትራክተር ያለ ቀኑ የወለደው የሚመስል ነው። ጣሊያኖቹ ድሮ ወይናቸውን ያርሱበት ነበር። ዛሬ በየጓሮው በለስ ሥር ዝጎ ዶሮ ያድርበታል። እኔ ዶሮዎቹን ይቅርታ ጠይቄ እወስደዋለሁ።

አንድ ሰው አንድ አሮጌ ትራክተር ቢኖረው አጋጣሚ ነው። ሁለት ቢኖረው “አንዱ ለመለዋወጫ ነው” ብሎ ያመካኛል። ሦስተኛው ሲመጣ ግን ሰውየው ጸበል ያስፈልገዋል። እኔ ሦስት አሉኝ። ስምም አውጥቼላቸዋለሁ፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ቀለም ያለው ቦራ፣ አመድማው ዳልቻ፣ ቀዩ ወይኖ። የሚሰማኝ ሁሉ የገበሬ ልጅ እመስለዋለሁ። አባቴ ጉለሌ ልብስ ሰፊ ነበር። እኔም በሕይወቴ ሞፈር የጨበጥኩት አንድ ጊዜ ሙዚየም ውስጥ ነው፤ እሱንም ጥበቃው “አይነካም!” ብሎ አስለቀቀኝ።

ሦስቱም የሚኖሩት ሮማኒና ውስጥ፣ ከተማዋን ከሚዞረው አውራ ጎዳና አጠገብ ባለች ቁራሽ መሬት ላይ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። መሬቷ የአንድ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ናት፤ ሳሯን እያጨድኩ እንድጠቀምባት ፈቅደውልኛል። ጥጉ ላይ ጎመን ተክያለሁ። ጎመኑ ለሰበብ ነው። “የት ነህ?” ስባል “ጎመን ላይ ነኝ” ለማለት።

“የት ነህ?” የምትለኝ ባለቤቴ አሰለፈች ናት። አሰለፈች አንዲት አሮጊት ሲኞራ ቤት እያደረች ትሠራለች፤ እዚህ “ፊሳ” ይሉታል። የምትለቀቀው ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ብቻ ነው። እሁድ የቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ ለባልና ለሚስት የምትተርፈው ሐሙስ ከሰዓት ብቻ ናት። እኔም ያቺን ከሰዓት ለማስለቀቅ አለቃዬን ስንት ዓመት ደጅ ጠንቻለሁ። ይህ እንግዲህ ከወይኖ በፊት ነው።

ወይኖ ከመጣ ወዲህ ለአራት ዓመት ሐሙስ በመጣ ቁጥር እግሬ ወደ ሮማኒና ይሄዳል። አሰለፈች ቤት መጥታ የተዘጋ በር ስታገኝ ትደውላለች።

“የት ነህ?”

“ጎመን ላይ።”

“ያለምልምልህ” ብላ ትዘጋዋለች።

ሰው ለምን በዝገት እንደሚነደፍ ልታስረዳው አትችልም፤ ግን ልሞክር። በእነዚህ ሃያ ሁለት ዓመታት እጄ የነካው ነገር ሁሉ የሰው ነው። ያጨድኩት ሳር በሳምንቱ ተመልሶ ይበቅላል፤ የጠረግኩት ቅጠል በማግስቱ ይረግፋል። ወይኖ ግን የእኔ ነው። ሞቶ አገኘሁት። እኔ ባልኖር ኖሮ ብረት ሰብሳቢ ቆራርጦ ይወስደው ነበር። ሮም ውስጥ እኔ ስለነካሁት የተሻለ ነገር አንድ ቢኖር እሱ ነው። እወደዋለሁ። ማፈሬ ግን አልቀረም፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ጥገናው አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ ጣሊያንኛ ሳልማር ጣሊያንኛ ማወቄን። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፤ ልጅ ሆኜ ጉለሌ ጋራዥ በር ላይ የሰማኋቸው ቃላት በሙሉ ሮም መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ሠሩልኝ። የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ፔርሜሶዬን፣ ላሳድስ የሄድኩ ቀን መስኮቱ ሥር ስንተባተብ የምውለው ሰውዬ፣ ስለ ካርቡራተር ሲሆን አፌ እንደ ጠበቃ ይፈታል። ሁሉም ነገር ሠራ፤ ትራክተሩ ብቻ ቀረ።

ያንን ካርቡራተር ዝገቱ እንዲለቅ ኮምጣጤ ውስጥ መዘፍዘፍ ነበረብኝ። ቤታችን ውስጥ ልኩ የሆነ ዕቃ አንድ ብቻ ነው፤ መታጠቢያ ቤት ከሽንት ቤት መቀመጫው ጎን ያለው ገንዳ፣ ቢዴ። ቢዴ ለምን እንደሚያገለግል የሚያውቅ ያውቃል፤ የማያውቅም አይጠይቀኝ። አሰለፈች ሐሙስ መጥታ አየችው። ጥቁር ኮምጣጤ፣ መሃሉ ላይ ብረት። በረንዳ ወጥታ ፊቷን ወደ ሰማይ አድርጋ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አየኋት። እየረገመችኝ መሰለኝ፤ ይገባኛልም አልኩ በልቤ።

እንግዲህ ወደዚያች ቀን እንሂድ። ግንቦት ማለቂያ፣ ሐሙስ፣ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል። ወይኖ የሚነሳው በገመድ ነው። ገመዱን ሞተሩ ጎን ያለው ሽክርክሪት ላይ ጠምጥሞ፣ እግርን ተክሎ መሳብ ነው። ስስበው አንድ ጊዜ “ኡህ” ይላል፤ ከዚያ ያርፋል። እንደገና ጠመጠምኩ፣ ሳብኩ፤ “ኡህ”። እንደገና። ትከሻዬ ከቦታው ሊወጣ ደረሰ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። አራት ዓመት ሙሉ ያልወጣ እንባም አብሮ መጣ። እና ጮህኩ፤

“ቅዱስ ሚካኤል! ይሄ ነገር አሁን ይነሳልኝ እንጂ ላንተ ሰጥቼሃለሁ! ውሰደው!”

ልብ በሉ። ሰው ሲሳል “ሻማ አበራለሁ” ይላል፤ “ጥላ አገባለሁ” ይላል። እኔ ግን የተሳልኩት የለመንኩትን ነገር ራሱን ነው። ዓይኔን ካበራህልኝ ዓይኔን እሰጥሃለሁ እንደ ማለት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ገመዱን ሳብኩ።

ዱክ። ዱክ ዱክ። ዱክ ዱክ ዱክ ዱክ።

ተነሳ። ጭሱን ተፋ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ሳሩ አብሮት ተንቀጠቀጠ። እጄን ኮፈኑ ላይ ጭኜ አለቀስኩ። አራት ዓመት የጠበቅኩት ደስታ እስከ ሦስት ብትቆጥሩ የሚያልቅ ሆነ፤ ከጀርባዬ እልልታ ሰማሁ።

ዞር ስል እትዬ በላይነሽ ፌስታል ይዘው ቆመዋል። ጎመን ሊቀነጥሱ መጥተው ነው። እትዬ በላይነሽ ሮም ላለ ሐበሻ ሁሉ አክስት ናቸው። የራሳቸውን ዕድሜ አያስታውሱም፤ የሰው ስለት ግን አይረሱም። ማን ምን እንደተሳለ፣ መቼ እንደደረሰለት፣ አግብቶ እንደሆነ ወይም አድበስብሶ እንደሆነ ጠይቋቸው።

“ሰማህ ልጄ! ባፍህ ሳለ ደረሰልህ!” አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። “ሰኔ ሚካኤልም ደርሷል። እኔ ምስክርህ ነኝ።”

“እትዬ፣ እንዲያው ተናድጄ የተናገርኩት እኮ ነው።”

“ተናደህም ለመንክ፣ ሰጠህ። እሱ ሲሰጥ ተናዶ ይሁን ደስ ብሎት መች ጠየቅከው?” አሉና ጎመናቸውን ቆርጠው ሄዱ። አናኚና ሜትሮ ባቡር ጣቢያ ሳይደርሱ ወሬው ሮም ገብቷል።

ማታ አሰለፈች ደወለች። ጨርሳ ሰምታለች።

“ተሳልክ አሉ። እውነት ነው?”

“ነው።”

“ቀዩን?”

“ቀዩን።”

“ተመስገን” አለች፤ ለእኔ አልነበረም።

አንድ ተስፋ ቀረኝ፤ ቀሲስ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን የምትባለው አንድ የካቶሊክ ደብር ያስጠጋን አዳራሽ ናት፤ ግቢውም የእነሱ ነው። ቀሲስ በሌሊት ፈረቃ የሆቴል አንሶላ የሚያጥቡ፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያነሳቸው ሰው ናቸው። ሄጄ እጅ ነሳሁና ነገሩን በብልሃት ጀመርኩት።

“አባታችን፣ ቤተ ክርስቲያናችን መሬት አላት?”

“የላትም።”

“ታዲያ ትራክተር ምን ያደርግላታል?”

“ምንም።”

ልቤ ዘለለ። “እንግዲያው ስለቱን በሻማ ልለውጠው?”

ቀሲስ ዓይናቸውን አሹ። “ልጄ፣ አምና አንዱ ማቀዝቀዣ አመጣ። አንዷ የሠርግ ቀሚስ። በጨረታ የሚያነሳው ሲጠፋ የምሰቃየው እኔ ነኝ። የዚህ ደብር ሰዎች ደግሞ ከበዓሉ ማግስት ግቢው ባዶ ይሁን ብለውናል፤ የተረፈውን ብረት ሰብሳቢ ይወስደዋል። ያንተን ብረት እምቢ ብል ደስ ባለኝ። ግን ሻማ ከፈለግክ ያኔውኑ ሻማ ማለት ነበረብህ።”

“ራሴ በጨረታው ባነሳውስ?”

“ክልክል አይደለም። ግን ለመልአክ ሰጥቶ፣ በሰው ፊት መልሶ መቀበል…” አሉና አዛጉ። “እትዬ በላይነሽም ይኖራሉ።”

ሁሉን ነገር ያን ጊዜ አወቅኩት። ንግሡ እሁድ ነው፤ ስለት በዚያ ቀን በጨረታ ይቀርባል፤ ማንም ካላነሳው ወይኖ ሰኞ ተቆራርጦ ይሸጣል። እኔ ከብረት ሰብሳቢ ያዳንኩትን፣ በገዛ አፌ መልሼ ለብረት ሰብሳቢ ላስረክበው ነው።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ሳምንት እኔ ስከሳ የአሰለፈች ፊት ወዛ። አዲስ ሸሚዝ ገዛችልኝ። “ቀለሙ ለቋል አሉ፤ ለመልአክ ሲሰጥ ንጹሕ ይሁን” እያለች ቀለም እንድገዛ መከረችኝ። አራት ዓመት ቡሎን ስገዛ ፊቷን ያጠቆረችብኝ ሴት! እኔም እንደ ሙሽራ አጠብኩት፣ ቀባሁት፣ ጎማውን በዘይት አሸሁት። እንዲህ አምሮ አያውቅም፤ ያናደደኝም ይኸው ነው።

ለእሁዱ ንግሥ ተስፋይን በዕቃ መጫኛ መኪናው፣ በፉርጎኔው፣ እንዲያደርሰኝ ለመንኩት። ተስፋይ የአስመራ ልጅ ነው፤ ስደተኞች የሰፈሩበት ሰላም ፓላስ ሕንፃ ውስጥ ይኖራል፤ የሐበሻን ዕቃ ከቤት ቤት የሚያጓጉዝ ጓደኛዬ ነው። ወይኖን አይቶ ራሱን ያዘ።

“አሎራ… ስለቱ ይሄ ነው?”

“ይሄ ነው።”

“ማ ኬ! አንተ ሰውዬ፣ እኛ ሰፈር ጧፍ ነው የሚሳሉት። ኪስ ይገባል እኮ!”

በሳንቃ ገፍተን ጫንነው። የኋላው በር አልዘጋ ስላለ በገመድ አሰርነው። ቲቡርቲና ጋ ስንደርስ ፖሊስ እጁን ዘረጋ። ከበሩ የወጣውን የትራክተር አፍንጫ አየ፤ ነጭ ነጠላ የለበስነውን እኛን አየ።

“ይህን የት ነው የምትወስዱት?”

“ለመልአክ” አለ ተስፋይ፤ ሌላ ቃል ጠፍቶት።

ሊያስቀረን ነው ብዬ ደስ አለኝ። ፖሊሱ ግን ጥቂት አሰበና፣ “ኤክስ ቮቶ?” አለ። ለካ እነሱም ስለት አላቸው። “አያቴም ለማዶና የብር ልብ ሰጥታ ነበር” አለ። ወይኖን ዳግመኛ ተመለከተው። “ያ ግን ትንሽ ነበር።” የላላውን ገመድ ራሱ አጥብቆልን አሳለፈን። እንዲከለክለን ስጸልይ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ፖሊስ ትሑት ሆኖብኝ አያውቅም።

ቅዳሴው አለቀ፣ ታቦቱ ዑደቱን ፈጽሞ ገባ፣ ሕዝቡ ግቢው ውስጥ ተቀመጠ፤ ዲያቆኑ ጨረታውን ጀመረ። መጀመሪያ የግድግዳ ሰዓት ቀረበ። የግድግዳ ሰዓት በየዓመቱ ይመጣል፤ በየዓመቱም የሚያነሳው ጠፍቶ ይቀራል። ዘንድሮ ግን እትዬ በላይነሽ፣ “የእኔው ቆሟል፤ ወዲህ በለው” ብለው ወሰዱት። አጠገቤ የተቀመጠችው አሰለፈች ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

“ምነው?”

“ምንም” አለች። ፊቷ ግን ምንም አይመስልም።

ጥላዎቹ ሄዱ። ምንጣፉ ሄደ። ድፎው ዳቦ ሳይቀር ተሻምተውበት ሄደ። ዕቃ በተነሳ ቁጥር አሰለፈች ወደ ኋላ ዞር እያለች ምን እንደቀረ ታያለች። በመጨረሻ የቀረው ወይኖ ብቻ ሆነ። አንድ ደግ ሰው ፀሐይ እንዳይመታው ባለ ዘርፍ ጥላ ዘርግቶበታል።

“ትራክተር!” አለ ዲያቆኑ፤ ድምፁ ራሱን ሳያሳምነው። “የሚሠራ ነው። ተአምር የታየበት ነው። የሚያነሳ!”

ሕዝቡ አጨበጨበ። “እሰይ፣ ይቀበልልህ” ብለው መረቁኝ። ከአጠገቡ ፎቶ ያልተነሳ የለም። እጁን ያወጣ ግን አልነበረም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሕዝብ ትራክተር የት ያደርገዋል?

“አንደኛ ጊዜ!”

እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቻለሁ። ላውጣው ስል እትዬ በላይነሽ ሰዓታቸውን እንዳቀፉ አዩኝ። መለስኩት።

“ሁለተኛ ጊዜ!”

ወይኖን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ሰኞ ጠዋት መጋዝ ሲጮህ ተሰማኝ።

“እኔ” አለ አንድ ድምፅ፤ ጥርሱን ሊነቀል እንደ ተጠራ ሰው ድምፅ።

አሰለፈች ቆማለች።

ግቢው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ቀሲስ እንኳ ሙሉ በሙሉ ነቁ። “ልጄ፣ የምርሽን ነው? ይህን?” አሏት።

“ምን ላድርግ አባታችን!” አለችና እያለቀሰች ሳቀች፤ ወይም እየሳቀች አለቀሰች። “ያንን ብረት ቢዴ ውስጥ ያገኘሁ ቀን በረንዳ ላይ ቆሜ ተሳልኩ። ‘ሚካኤል፣ ያንን ቀይ ትራክተር ከባሌ እጅ ካወጣህልኝ፣ በንግሥህ ዕለት ማንም ያልፈለገውን ዕቃ እኔ አነሳለሁ’ ብዬ። የግድግዳ ሰዓት መስሎኝ ነው እኮ! ሁልጊዜ የሚቀረው ሰዓት ነው!”

እትዬ በላይነሽ ሰዓታቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ቀሲስ ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁ። አሰለፈች ቦርሳዋ ውስጥ የነበረውን አውጥታ ሰጠች። በዚያች ቅጽበት ለመልአኩም፣ ለሚስቴም፣ ለሰዓቱም እኩል ሰገድኩ።

ስንመለስ ፉርጎኔው የፊት ወንበር ላይ ሦስታችንም ተጠጋግተን ተቀምጠናል፤ አሰለፈች መሃል። መንገዱን እንደ ያዝን እሷ ጀመረች።

“ያንተ አይደለም።”

“አውቃለሁ።”

“የእኔ ነው። ሳልፈቅድልህ አንዲት ቡሎን አትነካም።”

“ቫ ቤኔ፣ እሺ” አልኩ።

“ብረቱን ጠልቼው መሰለህ?” አለች፤ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ። “ብረት ምን አደረገኝ? ሐሙሴን ነው የወሰደብኝ። ስድስት ቀን የሰው እናት አጥቤ፣ አብልቼ፣ አስተኝቼ፣ አንዲት ከሰዓት ባሌ ጋ እመጣለሁ። ባሌ ጎመን ላይ ነው። አራት ዓመት።”

ተስፋይ መስኮቱን አወረደና ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ሞቶ ያገኘሁትን ሳስነሳ በሕይወት ያለችውን በር ላይ ጥያት ኖሬያለሁ። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን፣ “ጎመኑ እኮ እውነት አለ” የሚል ነው።

“ሐሙስ መጥቼ አየዋለሁ” አለች።

ይቅርታውን ያልኳት ሐሙስ ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ሰምታኝ የሲኞራዋን አሮጌ ባርኔጣ አጥልቃ ወይኖ ላይ ወጣችና መሪውን ያዘች። ነድታ አታውቅም። “አስነሳልኝ” አለችኝ። ትከሻዬ እያመመኝ ገመዱን ጠመጠምኩ፤ እንደማይነሳባት እርግጠኛ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ስስበው ተነሳ። ለእኔ አራት ዓመት የኮራው ወይኖ! ማርሹን አስገባሁላት፤ ከኋላው የተገጠመው ማረሻ መውረዱን አንዳችንም አላየንም። ከአጠገቧ እየተራመድኩ “ቀስ፣ ወደ ግራ፣ ኧረ ወደ ግራ!” እላለሁ፤ እሷ በሳቅ አትሰማኝም። እንዲህ ስትስቅ የሰማሁት የተጋባን ሰሞን ብቻ ነበር።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ እዚያው ነን፤ እሷ ከላይ፣ እኔ ከጎን፣ በእግሬ። ደክሞኛል ያልኳችሁም ለዚህ ነው። “የት ነህ?” ብሎ የሚደውልልኝ ሰው የለም። ቢደውልም የምመልሰው የለኝም፤ ጎመኑን አሰለፈች አርሳዋለች።